አደጋ ቢደርስ የሚነገረው ሰው

«ስልኳን ከእጇ አውጣ፤ ሌላው ቀላል ነው።»

ይህን ያለው ባሌ ነው። ዓርብ አመሻሽ ላይ ጓሮ ወጥቼ የደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ ስሰበስብ ሰማሁት። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር የተከራየነው ቤት የኋላ መስኮቱ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። አከራዩ ዛሬ ነገ ሲል እኛ በካርቶን ሸፍነነው እንኖራለን፤ ካርቶን ደግሞ ብርድ እንጂ ወሬ አይከለክልም። ዱካሞ የሚያወራው ከታናሽ ወንድሙ ከሀቢሶ ጋር ነበር። የሀቢሶ ሚስት የፅናት እናት ሐሙስ ማታ ዱራሜ ላይ አርፈዋል። ከጂንካ የሚመጣ ልጃቸው ስለሚጠበቅ ቀብሩ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ፅናት ግን እንዳትሰማ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ቲቶ የቸርቻችንን ሽማግሌዎች ይዘው ይመጡና በሥርዓቱ መርዶውን ይነግሯታል። እስከዚያ ቅዳሜን ጆሃንስበርግ ከዋለች ከአንዱ አፍ ያመልጣል፤ ስለዚህ ዱካሞ እሷንና እኔን ልጃችንንም ጨምሮ ይዞን ወደ ባህር ይሄዳል። ሀቢሶ እዚሁ ይቀርና ወንበር ይከራያል፣ ለሰዎች ይደውላል፣ ሱቁን ይዘጋል። እኔ የሊናን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ደረቴ ላይ አቅፌ እንደ ሌባ ቆሜ አዳመጥኩ።

ባሌ በአሥር ዓመት ውስጥ አሌክሳንድራ ያለውን ሱቅ ትቶ ቀን የዋለው ሁለቴ ብቻ ነው። አንዱ ሊና የተወለደች ዕለት፣ ሌላው ሱቁ የተዘረፈ ዕለት። ወጥ ቤት ገብቶ «ነገ ባህር እንሄዳለን» ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ያናደደኝን ያህል ስድቡ አናዶኝ አያውቅም።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲያው አፍሽን ያዢ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ብንነግራት እሄዳለሁ ትላለች። ወረቀቷ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ ከዚህ አገር ከወጣች ተመልሳ አትገባም። የሀቢሶ ቤት ፈረሰ ማለት ነው።»

«አትሂድ። ግን ታልቅስ።»

«በሥርዓት ታለቅሳለች። እሁድ።»

ለሰው እናት ሐዘን ቀን ሲቀጠር ቆሜ ሰማሁ፣ ከዚያም ዞሬ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ይህን ነው ዛሬ ድረስ የማፍርበት። ሌሊቱን ሙሉ ጣራ እያየሁ አደርኩ፤ ሲነጋ ግን ተነሥቼ እንደማንኛውም ሰው ፎጣ አጣጠፍኩ፣ ለልጄ የፀሐይ ቅባት ፈለግኩ።

ፅናት ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ለብሳ ጨርሳ በር ላይ ቆማ ነበር። ወደዚህ አገር ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ያየችው ጆሃንስበርግ ግን ከትሮይቪል አሌክሳንድራ ያለውን መንገድ ብቻ ነው፤ ጠዋት በታክሲ ሄዳ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ ስትሸጥ ውላ ማታ መመለስ። ለሠርጓ መልስ የተሰፋላትን ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ለብሳዋለች። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«እቴቴ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው? ስልክሽ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ጄፒ መንገድ ወስጄ ላሠራልሽ ብሎ ወሰደው። ሂጂ ባህር እይ አለኝ። ማታ ደግሞ እግሬን አሸልኝ! ሊሞት ነው እንዴ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ሀቢሶ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ቦርሳዋን ተሸክሞላት እስከ መኪናው ድረስ ሄደ፤ በሩን ሲዘጋላት ዓይኗን አላየም። መኪናው የጋሽ ቲቶ ነበር። የዱካሞ መኪና የሱቅ ዕቃ መጫኛ ስለሆነች ሽማግሌው የራሳቸውን አውሰውናል። የኋላ ወንበሩ ላይ የመዝሙር መጽሐፋቸው ነበር። እሳቸውም የዚህ ጉዞ ተባባሪ ናቸው ማለት ነው ብዬ መጽሐፉን አንሥቼ ከፊቴ ባለው የወንበር ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

መንገዱ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዱካሞ የክፍያ ኬላ በደረስን ቁጥር ያለወትሮው ሳያጉረመርም ከፈለ። ሃሪስሚዝ ስንደርስ ቆመና ሁለት ሳጥን የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች፣ አራት ለስላሳ ገዛ። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ «ፅናት ብዪ፣ ገና ሩቅ ነው» ይላል። አንድ ብልት ትበላለች። «ጨምሪ እንጂ!» ይላል። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። መርዶ የሚነገረው ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ፣ ከሰማ በኋላም እህል ስለማይቀምስ አስቀድሞ ይመገባል። በባዶ ሆድ እንዳትወድቅ ተጠንቅቀውላታል፤ እውነቱን ብቻ ነው የነፈጓት።

«የፋሲካ በግ አደረጋችሁኝ እኮ!» አለች ጣቷን እየላሰች። «የት ነው የምታርዱኝ?»

ዱካሞ ሳል ያዘው። ሊና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ምንም አያልፈውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማሚ፣ ዳዲ ዛሬ ለምንድነው ናይስ የሆነው?» አለችኝ። «ቫኬሽን ስለሆነ ነው» አልኳት። ለልጄም ዋሸሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ተራራውን እስክንወርድ ማንም ብዙ አላወራም፤ ፅናት ብቻ መስኮቱን ከፍታ አረንጓዴውን እያየች «የእኛን አገር አይመስልም? ያችን ቤት እያት፣ የእማዬን ቤት ትመስላለች» ትላለች። ባሌ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አንዳንዴ ቤተ ዘመድ ማለት አንድ ላይ ዝም የሚል ሕዝብ ይመስለኛል።

ባህሩን ያየነው ከደርባን አልፈን ወደ ደቡብ ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ነው። ስለ ባህሩ ብዙ ማለት አልችልም፤ ያየሁት በፅናት ፊት ላይ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ሮጠች፤ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካ ጮኸች፤ ወደ ኋላ ሸሽታ እንደገና ገባች። ሊና ተከትላት ሄደች። ዱካሞ አሸዋው ላይ በሱቅ ጫማው ቆሞ ስልኩን ያያል። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። የአገር ቤት ሰዓት ከእኛ በአንድ ይቀድማል፤ የእነሱ ዘጠኝ የእኛ ስምንት ነው። እኔ ከዚያ ወዲያ ከሰዓቱ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ፈረሶቹን መጀመሪያ ያየችው ሊና ናት። ስድስት ያህል ፈረሶች በአንድ ጃንጥላ አጠገብ ታስረው ቆመዋል። ሰሌዳ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለአዋቂዎች በሚሰጠው የንባብ ክፍል ስማር ቆይቻለሁ፤ እንግሊዝኛውን ቀስ ብዬ አነበብኩት። ፈረስ ጋልበው ለማያውቁ፣ አርባ አምስት ደቂቃ በባህሩ ዳር፣ መሪ አብሮ ይሄዳል፣ ለአንድ ሰው አራት መቶ ሃምሳ ራንድ ይላል። ሊና «ፕሊስ ዳዲ፣ ፕሊስ» ስትል እኔ ልጄ ከፈረስ ስትወድቅ ታየኝና «አይሆንም» ልል አፌን ከፈትኩ። ባሌ ግን ቀድሞኝ ቦርሳውን አወጣ። ከዳቦ አከፋፋዩ ጋር በሁለት ራንድ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ለሦስታችን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ራንድ ዋጋ ሳይጠይቅ ቆጠረ። አርባ አምስት ደቂቃ ነው የገዛው። አርባ አምስት ደቂቃ ፅናት ከሰው ጋር አታወራም፣ ስልክ አትዋስም፣ ሰዓቱ ያልፋል።

የሳር ባርኔጣ ያደረገች ነጭ ሴት ሦስት ቅጾችና እስክሪብቶ ሰጠችን። ካልሞላችሁ ኮርቻ ላይ አትወጡም አለች ረጋ ብላ። ፅናት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ቅጹን ግን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ሙዪው። ተማሪዋ አንቺ አይደለሽ? ልፈትንሽ።»

እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ፊደሎቼ የሕፃን ይመስላሉ። ስም። ዕድሜ። ክብደት። ከዚህ በፊት ፈረስ ላይ ወጥተው ያውቃሉ? የለም። የልብ ሕመም አለ? የለም። ከዚያ በታች አንድ መስመር አለ፤ ሁለቴ አነበብኩት። አደጋ ቢደርስ ወዲያውኑ የሚነገረው ሰው ስምና ስልክ ይላል።

«ማንን ልጻፍ?» አልኳት።

ፅናት የሊናን ሄልሜት እያሰረችላት ነበር። «ሀቢሶማ ስልክ አያነሣም፤ ብሞትም ዕቃ ስቆጥር ነበር ነው የሚለው። እማዬን ጻፊልኝ። እሷ ሌሊትም ታነሣለች» አለችና ቁጥሩን ከነአገር ቤቱ መነሻ በቃሏ ነገረችኝ። ጻፍኩ። ደመቀች ላምቤቦ ብዬ በራሴ እጅ፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ያቺ ሴት ወረቀቱን አየችና «ጥሩ» ብላ ከሌሎቹ ጋር ቆለለችው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጣ አሁንም ሳስበው እጄን ያሞቀዋል። ይህች ሴት ማን እንደሆንን አታውቅም፤ ከነገ ወዲያ በመንገድ ብታገኘንም አትለየንም። ቢሆንም ለማን እንደምትነግር ሳታውቅ ፈረስ ላይ አታወጣንም። እኛ ግን አንድ ገበታ የምንቀርብ፣ በአንድ አምላክ ስም የምንጸልይ ሰዎች፣ ማን ምን ይስማ የሚለውን በጓሮ ተማክረን እንወስናለን። ደግሞም ለሴት ነው እንዲህ የሚደረገው። ሀቢሶ አባቱ የሞተ ዕለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰምቶ ቆሞ አልቅሷል። እኔ ግን የአባቴን ሞት የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ ሹራብ ልኬለት ነበር። ሹራቡን ተቀብለው «ደስ ብሎታል፣ ልክክ ብሎለታል» ብለው ነግረውኛል። ለምን ብዬ ስጠይቅ አንቺ እንዳትጎጂ ነው አሉኝ።

ባሌን ወደ ጎን ሳብኩት። «ሰባት ሰዓት አልፏል። በስምንት ሬሳው ይወጣል። አሁን ከሰማች እንኳ በስልክ ታየዋለች፤ እናቷን ትሸኛለች። ነገ ምን ይቀርላታል?»

«በለጥሽ፣ ሰው እያየን ነው። ፈረሱ ላይ ውጪ።»

«አንተ ብትሆን...»

«ልቧ ቀጥ ቢልስ? እዚህ ሽማግሌ የለ፣ የሚይዛት የለ! ውጪ አልኩሽ።»

ወጣሁ። ነጭ፣ ሸምገል ያለች ፈረስ ነበረች፤ ሦስት ደረጃ ያለው የእንጨት መወጣጫ አመጡልኝ። መሪያችን ሙዚ የሚባል ጠና ያለ ዙሉ ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ቆሟል። «ሳውቦና ማማ» ብሎ በቋንቋው ሰላም አለኝና እግሬን እርካቡ ውስጥ አስገባልኝ። ተረከዝ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ ፊት፣ ትንፋሽ አትያዙ፣ እሷ መንገዱን ታውቀዋለች አለ። ሦስቱም ፈረሶች በገመድ ተያይዘዋል፤ ሊና ከፊት፣ ፅናት ከመሃል፣ እኔ ከኋላ። ሙዚ ገመዱን ይዞ አጠገባችን በእግሩ ይሄዳል። ኮርቻው ከጠበቅኩት በላይ ከፍ ያለ ነው። ፈረሷ በተራመደች ቁጥር ወገቤ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ይወዛወዛል፤ የኮርቻውን ጫፍ በሁለት እጄ ጨብጬ የልጄን ጀርባ ብቻ አያለሁ። ቀስ በቀስ ግን ሰውነቴ ለመደ። ፈረሶቹ የረጠበውን፣ ጠንከር ያለውን አሸዋ መርጠው ይረግጣሉ፤ አንዳንዴ ማዕበሉ እስከ ኮቴያቸው ይመጣና አረፋውን ትቶ ይመለሳል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም ደስታ ቀምተውኛል ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ በዚህ ሰዓት የራሴን ደስታ መቁጠሬ አሳፈረኝ።

ፅናት እጇን ለቃ በሁለት በኩል ዘረጋች። ሙዚ «ያዢ፣ ያዢ ሲሲ» እያለ ይስቃል። ባሌ ከሩቅ፣ ከጃንጥላው አጠገብ፣ ስልኩን አንሥቶ ፎቶ እያነሣን ነበር። ፅናት ወደ ኋላ ዞራ ጮኸችልኝ።

«እቴቴ! እማዬ እዚህ ፈረስ ላይ ብታየኝ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?»

አገራችን ፈረስ የጌጥም የለቅሶም ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት ወንዶች ፈረስ አስጊጠው የለቅሶውን ሜዳ ይዞራሉ፤ ሴት ልጅ ያለ ሠርጓ ቀን ፈረስ ላይ አትወጣም።

«‹አንቺ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?› ነው የምትለኝ!» አለችና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ከት ብላ ሳቀች።

«ኢማ! ባባ፣ ኢማ!» ብዬ ጮኽኩ። አቁም ማለት ነው። ሙዚ የወደቅኩ መስሎት ሮጦ መጣ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ አሸዋውን ነካ፣ ተነሣሁ። ከኋላ ኪሴ ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ለስምንት ሃያ ጉዳይ ነበር። የፅናትን እርካብ ያዝኩ።

«ውረጂ።»

«ገና ግማሹንም አልሄድን! ተከፍሎበታል እኮ። አሞሻል?»

«ውረጂ ፅናትዬ። ውረጂና ቁጭ በይ።»

በእኛ ዘንድ «ቁጭ በይ» ለደግ አይባልም። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወረደች፤ አልተቀመጠችም። «ሀቢሶ ነው?» አለች። «ሱቁ ላይ ተኮሱበት? ለዚህ ነው ስልኬን... ተኮሱበት?»

«አይደለም። ሀቢሶ ደህና ነው።»

«ተመስገን!» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና «ተመስገን አምላኬ!» አለች። ለዚያች ትንፋሽ ያህል ደስ ብሏት ነበር። እኔ መርዶ ነግሬ አላውቅም፤ የምነግርበትን ቃል ማንም አላስተማረኝም። ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ተነሥተው፣ ዓለም ከንቱ መሆኗን አውርተው፣ ቀስ እያሉ ነው የሚደርሱበት። እኔ ግን ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ።

«እማማ ደመቀች አርፈዋል። ሐሙስ ማታ ነው። ቀብራቸው አሁን ነው፤ ገና አልወጣም።»

ሄልሜቷን ፈታች። አሸዋው ላይ አስቀመጠችው፤ አልወረወረችውም። ስትጮኽ፣ ስትወድቅ ለመያዝ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልወደቀችም።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ።»

«ዛሬ ጠዋት ስስቅ ታውቂያለሽ። ዶሮ ስበላ ታውቂያለሽ።» ጣቷን አልቀሰረችብኝም፣ ድምፅዋም አልጨመረም። «ስሟን ስትጽፊ ታውቂያለሽ።»

«አዎ።»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘረጋችና «ስልክ» አለች። ሰጠኋት። የእናቷን ቁጥር በቃሏ መታች፤ በምስል ደወለች። ጠራ፣ ጠራ። ያነሣችው ታናሽ እህቷ ናት፤ ፅናትን ስታይ የስልኩን ካሜራ በመዳፏ ሸፈነችው፤ ስልኩ ጨለመ። ከዚያ ጨለማ ውስጥ በለቅሶ የሻከረ ድምፅ «ማን ነገረሽ?» ሲል ሰማን። እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ምን ሆንሽ የለ፣ አይዞሽ የለ፤ ማን ነገረሽ።

«እጅሽን አንሺ» አለች ፅናት። «ወደ እሷ አዙሪው።»

መዳፉ ተነሣ። ድንኳን፣ ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የመዘምራን ነጭ ልብስ፣ ከዚያ ሐምራዊ ጨርቅ የለበሰ ሳጥን ታየ። ፅናት በሰማያዊ ቀሚሷ እርጥብ አሸዋ ላይ ተንበርክካ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ያለቀሰችው ያኔ ነው። ከእናቷ ጋር በአገራቸው ቋንቋ ታወራለች፤ የእነሱን ቋንቋ በደንብ ባልሰማም ሁለት ነገር ለየሁ። ስሟን ትጠራታለች፣ እዚህ ነኝ ትላታለች። የሚዋኙ ሰዎች ቆመው ማየት ጀመሩ። ሙዚ ምን እንደሆነ በዓይኑ ጠየቀኝ። «ኡማማ ዋኬ ኡሾኒሌ» አልኩት፤ እናቷ ሞታለች ማለት ነው። ቃሉን የተማርኩት አሌክሳንድራ ውስጥ ለለቅሶ ሻማ ሊገዙ ከሚመጡ ደንበኞቻችን ነው። ባርኔጣውን አወለቀ። ሊናን ከፈረሷ አወረዳት፤ ከዚያ ሦስቱን ፈረሶች ጎን ለጎን አቁሞ በፅናትና በሚያዩት ሰዎች መካከል እንደ አጥር አደረጋቸው። ማንም አላዘዘውም። ከሁላችንም ይልቅ ለቅሶ የገባው እሱን ነው። ልጄ እጄን ይዛ «ማሚ፣ ምን ሆና ነው?» ስትለኝ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። ሊናም አለቀሰች፤ ግን አልሞተችም፣ ልቧም ቀጥ አላለም።

ባሌ የደረሰው ሳጥኑን ሲያነሡ ነው። ከጃንጥላው ጀምሮ ሮጦ ጫማው አሸዋ ጠጥቷል፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ምን አደረግሽ? በለጥሽ፣ ምን አደረግሽ? እንዲህ ነው ሰው መርዶ የሚነገረው? በባዕድ አገር፣ በባህር ዳር፣ ከፈረስ ላይ አውርደሽ?»

«እናንተ ናችሁ ፈረስ ላይ ያወጣችኋት» አልኩት። በትዳራችን ዘመን እንዲህ መልሼለት አላውቅም። «እኔ አወረድኳት።»

እጁን አነሣ፤ ይመታኛል ብዬ አልሸሸሁም። ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ አረፈ፤ ሳጥኑ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲያልፍ አየ። እሱም በልጅነቱ ከእማማ ደመቀች እጅ በልቷል። የተነሣው እጁ ወደ ፊቱ ሄደ፤ ቁጢጥ ብሎ ሸፈነው። አላዘንኩለትም ብል ውሸት ነው፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ተቀመጡ።

አፈሩ ሲመለስ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ቆመ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ይህን ጊዜ ዱካሞ ተነሥቶ ወደ ጎን ሄዶ ሲደውል ሰማሁት፤ «ሰምታለች... አዎ... ሚስቴ ናት» ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጥቶ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ለፅናት ዘረጋላት። ጋሽ ቲቶ ነበሩ። ከኋላቸው ሀቢሶ ሲያለቅስ ይሰማል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እሁድ ጠዋት ሊሉት ያዘጋጁትን ጀመሩ።

«ልጄ ፅናት፣ እንግዲህ እንደምታውቂው የሰው ልጅ በዚህ ምድር መንገደኛ ነው። አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዱ ይከተላል። ዛሬ እኛ ወደ አንቺ የመጣነው...»

«አባባ» አለች ፅናት። ፊቷ በእንባና በአሸዋ ተለውሷል፤ ድምፅዋ ግን እንደ ሱቅ ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «ቀብረናታል። ነገ ስትመጡ መርዶ ነጋሪ ሆናችሁ አትምጡ፤ ለቅሶ ደራሽ ሆናችሁ ኑ። ስልኬንም ሀቢሶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥልኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ ጋሽ ቲቶ። ፅናት ስልኩን ለዱካሞ መለሰችለት፤ የእኔንም ሳታየኝ መለሰችልኝ። ዱካሞ ሊናን ይዞ፣ ከሙዚና ከፈረሶቹ ጋር፣ ቀስ እያለ ወደ ጃንጥላው ሄደ። እኛ ሁለታችን ቀረን። እሷ አሸዋው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ባህሩ አዙራ ተቀምጣለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። አጠገቧ የመቀመጥ መብት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም ነበር። ያረፈደ መርዶ ነጋሪ ነኝ፤ ጠዋት አብሬያት የሳቅኩ ነኝ። ልሂድ ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

«የት ነው?» አለች ሳትዞር።

«ብቻሽን እንድትሆኚ ብዬ ነው።»

«ለቅሶ ቆሞ ይደረሳል?»

ወደ እሷ ተመለስኩ።

«ቁጭ በይ» አለች። «ምንም ግን እንዳትናገሪኝ።»

አሸዋው እርጥብ ነበር። ተቀመጥኩ።